አራት ወንበር፦ የዌስትሚኒስተር ምክር ቤትና የ1986ቱ ምርጫ

የለንደን ክፍለ ከተሞች የምክር ቤት ምርጫ ውጤት ከአካባቢው ነዋሪ በቀር የሚያስታውሰው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ማን ስንት ወንበር እንዳገኘ በማግስቱ በጋዜጣ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የቆሻሻ መኪናው በሰዓቱ መጣ አልመጣም ነው። የዌስትሚኒስተር የ1986 ውጤት ግን ዕጣው ሌላ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ውጤት የቤት ፖሊሲ ወለደ፤ ፖሊሲው ክስ ወለደ፤ ክሱ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ተዘጋ። ጉዳዩን ዛሬ መልሼ የማነሣው፣ የምርጫ ውጤትን ከተሸናፊው ይልቅ ለጥቂት ያመለጠው አሸናፊ አጥብቆ እንደሚያነበው ከዚህ የተሻለ ማሳያ ስለማላውቅ ነው።

ዌስትሚኒስተር ፓርላማው፣ የንጉሡ ቤተ መንግሥትና ትልልቆቹ የገበያ ጎዳናዎች ያሉበት ክፍለ ከተማ ነው። የውጭ እንግዳ የሚያየው ይህን ብቻ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሃሮው ሮድ ሲዘለቅ ግን የሠራተኛ መኖሪያ፣ የስደተኛ ሰፈርና ከፎቅ ላይ ፎቅ የተደረበበት የምክር ቤት ኪራይ ቤት ይመጣል። ክፍለ ከተማው በ1964 የመጀመሪያ ምርጫውን ካደረገ ጀምሮ ምክር ቤቱ ከወግ አጥባቂው ፓርቲ እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። በ1982 ምርጫ ከ60 ወንበሮች 43ቱን ወግ አጥባቂዎቹ፣ 16ቱን ዋናው ተቀናቃኝ የሠራተኞች ፓርቲ ሌበር፣ አንዱን ደግሞ የግል ተወዳዳሪ ወሰዱ። ሜይ 8 ቀን 1986 ድምፁ ሲቆጠር ወግ አጥባቂዎቹ ወደ 32 ወረዱ፤ ሌበር 27 አገኘ፤ የግል ተወዳዳሪው አንድ ወንበር እንዳለ ቀረ። ከሌሎቹ ድምር የነበራቸው ብልጫ ከ26 ወደ 4 ዝቅ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የምርጫውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ክፍለ ከተማው በወረዳዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ያኔ እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ወይም ሦስት ተመራጮች ይልክ ነበር። መራጩ በወንበሮቹ ቁጥር ልክ ምልክት ያደርጋል፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ያልፋሉ። አብዛኛው ሰው የፓርቲውን ዕጩዎች በሙሉ ስለሚመርጥ ወረዳው ሲዞር ወንበሮቹ አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ በቋፍ ላይ ባሉ ጥቂት ወረዳዎች ጥቂት መቶ ሰዎች ሐሳባቸውን ቢለውጡ ምክር ቤቱ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። የቀረው የክፍለ ከተማ ሕዝብ ምንም አይቀይርም። ይህን ማንኛውም የፓርቲ ሰው ያውቀዋል፤ ሰዎቹ በቀጣዩ ዘመቻቸው የበለጠ በር ለማንኳኳት ቢወስኑ ኖሮ ታሪክ አይኖርም ነበር።

የምክር ቤቱ መሪ ሸርሊ ፖርተር ነበሩ። የቴስኮ ሱፐርማርኬት መሥራች የጃክ ኮኸን ልጅ ናቸው፤ መሪነቱን የያዙት በ1983 ነው። ጎዳና በማስጸዳት፣ ወጪ በመቀነስና በጠንካራ አመራር ስም ያተረፉ፣ በፓርቲያቸው ዘንድ እንደ አርአያ የሚጠቀሱ ሰው ነበሩ። ውጤቱ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ እሳቸውና የቅርብ ባልደረቦቻቸው በምስጢር ሰነዶች ላይ አንድ ስሌት አሰፈሩ። የምክር ቤት ቤት የተከራየ ሰው በአብዛኛው ሌበርን ይመርጣል፤ ቤቱን የገዛ ሰው ወደ ወግ አጥባቂው ያጋድላል። ስለዚህ በቋፍ ባሉት ወረዳዎች የተከራይን ቁጥር ቀንሶ የባለቤትን ቁጥር ማብዛት ነው። መራጩን ማሳመን ከባድ ከሆነ መራጩን መለወጥ ይቻላል እንደማለት ነው።

የምክር ቤት ኪራይ ቤት ለአዲስ አበባ አንባቢ የቀበሌ ቤት ቢባል በጣም አይርቅም፤ በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጥ፣ ወረፋ ያለው፣ ድሃው የሚጠብቀው ቤት ነው። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በ1980 ያወጣው ሕግ ተከራዩ የሚኖርበትን ቤት በቅናሽ የመግዛት መብት ሰጥቶታል። ይህ በራሱ ሕጋዊ ነበር፤ በመላው አገሪቱም ብዙ ሰው ገዝቷል። ዌስትሚኒስተር ግን ከዚህ አለፈ። ተከራይ ለቅቆ ባዶ የሆነው ቤት ወረፋ ለሚጠብቀው ቤተሰብ መሰጠቱ ቀርቶ ለሽያጭ እንዲመደብ ተወሰነ። ዕቅዱ በዓመት 500 ቤት መሸጥ ሲሆን ከእነዚህ 250ዎቹ ተለይተው በተመረጡ ስምንት ወረዳዎች ውስጥ መሆን ነበረባቸው። ተከራይ ቶሎ እንዲለቅ ደግሞ እስከ 15,000 ፓውንድ የሚደርስ የመልቀቂያ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እስኪሸጡ ድረስ ባዶ ቤቶቹን ሰው ሰብሮ እንዳይገባ በብረት በር ታሸጉ። በአንዱ ኮሪደር የብረት በር ተደርድሮ፣ በዚያው ክፍለ ከተማ ቤት የሌላቸው ቤተሰቦች በጊዜያዊ መጠለያ ተጨናንቀው ያድሩ ነበር።

የፖሊሲው ስም «የተረጋጋ ማኅበረሰብ ግንባታ» ነበር። ለሕዝብ የተነገረው፣ ስምንቱ ወረዳዎች ነዋሪ እየለቀቃቸው ልዩ ችግር ውስጥ ስለሆኑ ነው የሚል ነው። በኋላ የተገለጡት የምክር ቤቱ የራሱ ሰነዶች ግን በዚያ መለኪያ የባሰ ችግር ያለባቸው ወረዳዎች ሌሎች እንደሆኑ አሳዩ። እነ ካቨንዲሽ፣ ቪክቶሪያ፣ ሴንት ጄምስና ቤይስዎተር የተመረጡበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ በ1986 ፓርቲው በጠባብ ልዩነት የተሸነፈባቸው ወይም ለጥቂት ያለፈባቸው ወረዳዎች ናቸው። የምርጫው የውጤት ሠንጠረዥ እንዳለ የቤት ልማት ካርታ ሆነ ብል አላጋነንኩም።

በ1987 ሜይ ምክር ቤቱ የሕግ ባለሙያ አማከረ። ታዋቂው ጠበቃ ጄረሚ ሱሊቫን የሰጡት ምክር አጭርና ግልጽ ነበር፦ በቋፍ ያሉ ወረዳዎችን ብቻ ለይቶ ቤት መሸጥ ሕገ ወጥ ነው። በዚህ ጊዜ መተው ይቻል ነበር። እነሱ ግን ሽያጩን በመላው ክፍለ ከተማ ዘረጉት፤ በስምንቱ ወረዳዎች የታሰበው 250 ሽያጭ ግን ሳይነካ ቀጠለ። በሐምሌ ወር የቤቶች ኮሚቴው ይህንኑ አጸደቀ። ከዓመታት በኋላ ዳኞቹ ይበልጥ የተያዙበት ነጥብ ይህ ነው። ሕጉን ባለማወቅ የተሳሳተ ሰው ምሕረት ሊያገኝ ይችላል፤ ሕጉ ተነግሮት ሽፋን የፈለገ ሰው ግን ያንን በር በገዛ እጁ ይዘጋዋል።

ፖሊሲው ሌላም ገጽ ነበረው። በስምንቱ ወረዳዎች የነበሩ የቤት አልባ መጠለያዎች እንዲዘጉና ሰዎቹ ወደ ሌላ አካባቢ እንዲዛወሩ ተደረገ። በ1989 ከመቶ በላይ ቤት አልባ ቤተሰቦች ሌበር ያለ ሥጋት በሚያሸንፍበት በሃሮው ሮድ ወረዳ ወዳሉ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ተወሰዱ። ሕንፃዎቹ ሄርሜስ ፖይንት እና ቻንትሪ ፖይንት ይባላሉ። በግድግዳቸው አስቤስቶስ ነበር፤ ሳንባ የሚገድል ብናኝ ማለት ነው። ከዓመታት በፊት መጽዳት ወይም መፍረስ የነበረባቸው ናቸው። የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች እንዳይሰፍሩባቸው ምክር ቤቱ ራሱ የማሞቂያና የመጸዳጃ ቧንቧቸውን የሰባበረባቸው ቤቶች ነበሩ፤ በአንዳንዶቹ እርግቦች ከአስቤስቶሱ ጎጆ ሠርተው ይፈለፍሉባቸው ነበር። ቤተሰብ ከነልጆቹ የገባው እዚያ ነው። ስለ ሚሊዮን ፓውንዱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔን ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቆጣኝ የእርግቦቹ ነገር ነው። እነዚያ ቤተሰቦች በማንም የምርጫ ስሌት ውስጥ አልነበሩም፤ ከስሌቱ መውጣት የነበረባቸው ቁጥሮች ብቻ ነበሩ።

የዚያው ሰፈር ነዋሪዎች ግን ዝም አላሉም። ሕንፃዎቹ ያሉበት የዎልተርተንና የኤልጊን መንደር ተከራዮች ምክር ቤቱ ቤታቸውን ለአልሚዎች ሊሸጥ መሆኑን ከሰሙ ጀምሮ ተደራጅተው ነበር። የታቸር መንግሥት በ1988 ተከራዮች ከምክር ቤታቸው ወጥተው ሌላ አከራይ እንዲመርጡ የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጣ ዓላማው የምክር ቤቶችን፣ በተለይም የሌበር ምክር ቤቶችን፣ የቤት ይዞታ ማሳነስ ነበር። የዎልተርተን ሰዎች ያንኑ ሕግ አንሥተው በወግ አጥባቂው ምክር ቤት ላይ ተጠቀሙበት፤ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ በ1992 ከ900 በላይ ቤቶችን ከምክር ቤቱ ተረከቡ። ሁለቱ ሕንፃዎች በኋላ ፈርሰዋል። ከጉዳዩ ሁሉ ደስ የሚለኝ ክፍል ይህ ነው፤ በፍርድ ቤቱ ክርክር ውስጥ ግን ብዙም አይነሣም።

የመቃብሮቹን ነገርም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከምርጫው ጋር ባይያያዝም የአስተዳደሩን ጠባይ ያሳያል። በ1987 ምክር ቤቱ ከክልሉ ውጭ ያሉ ሦስት የመቃብር ቦታዎቹን የእንክብካቤ ወጪ ለመቀነስ ብሎ እያንዳንዳቸውን በ5 ሳንቲም፣ በድምሩ በ15 የእንግሊዝ ሳንቲም ሸጣቸው። ቦታዎቹ ሲጎሳቆሉ የሟች ቤተሰቦች ጮኹ፤ ምክር ቤቱ በመጨረሻ መልሶ ለመረከብ ተገደደ።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ሜይ 3 ቀን 1990 ወግ አጥባቂዎቹ 45 ወንበር፣ ሌበር 15 ወንበር አገኙ። ስሌቱ ሠራ ማለት ነው? ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ይተርከዋል፤ እኔ አይመስለኝም። ያ ዓመት ሀብታምም ድሃም በነፍስ ወከፍ እኩል የሚከፍለው አዲሱ ግብር የገባበት ዓመት ነው። ከምርጫው አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ ግብሩን በመቃወም የወጣው ሰልፍ በራሱ በዌስትሚኒስተር፣ በትራፋልጋር አደባባይ፣ ወደ ሁከት ተለውጦ ነበር። በእንግሊዝ አማካዩ ግብር ወደ 360 ፓውንድ ሲጠጋ ዌስትሚኒስተር 195 ፓውንድ ብቻ አስከፈለ፤ ሌላው በወግ አጥባቂዎች እጅ የነበረ የለንደን ክፍለ ከተማ ዋንድስዎርዝ ደግሞ 148። ለዚህ ያበቃቸው ከማዕከላዊው መንግሥት የመጣ ለጋስ ድጎማ ነው የሚል ወቀሳ ያኔም ነበር። በዚያን ምሽት ወግ አጥባቂው ፓርቲ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ሲሸነፍ እነዚህ ሁለቱ ደምቀው ወጡ፤ የፓርቲው ሊቀ መንበር ኬኔት ቤከርም ጋዜጠኛውን ወደነሱ እንዲመለከት አደረጉ። በየወረዳው የተሸጡት ቤቶች ቁጥር የሠላሳ ወንበር ብልጫ የሚያስገኝ አልነበረም። እንዲያ ከሆነ ያ ሁሉ የብረት በር፣ ያ ሁሉ ቤተሰብ ማፈናቀል ለምርጫውም ቢሆን አላስፈለገም ማለት ነው።

ጉዳዩን ወደ ሕግ የወሰደው ፖሊስ አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ ማንኛውም የአካባቢው መራጭ የምክር ቤቱን ሒሳብ አይቶ ለኦዲተሩ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ዐሥራ ሦስት መራጮች ይህን መብት ተጠቀሙ፤ ከነሱ መካከል የሌበር ተመራጮች ነበሩ። የቢቢሲ ቴሌቪዥንም በ1989 ምስጢሩን ለሕዝብ አሳየ። ኦዲተሩ ጆን ማጊል ምርመራውን ጀምረው በጃንዋሪ 1994 ጊዜያዊ ግኝታቸውን በጋዜጣዊ መግለጫ ይፋ አደረጉ፤ የመጨረሻውን ሪፖርት ያወጡት በሜይ 1996 ነው። ፖርተርና ሌሎች አምስት ሰዎች፣ ተመራጮችና የምክር ቤቱ ሹማምንት፣ 31.6 ሚሊዮን ፓውንድ ከኪሳቸው እንዲከፍሉ አዘዙ። ሕጉ ሆን ብሎ በፈጸመው ጥፋት የሕዝብ ገንዘብ ያጠፋ ተመራጭ ገንዘቡን በግሉ ይተካ ይል ነበር። የሊቨርፑልና የላምቤዝ የሌበር ተመራጮች በ1980ዎቹ አጋማሽ በዚሁ ሕግ ተቀጥተው ከሥልጣን ሲባረሩ ወግ አጥባቂዎቹ ያጨበጨቡለት ሕግ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የፍርድ ቤት ውጣ ውረድ ነው። በ1997 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጥፋቱን በፖርተርና በምክትላቸው ዴቪድ ዊክስ ላይ አጸና፤ ገንዘቡን ወደ 27 ሚሊዮን ገደማ አውርዶ ሌሎቹን ነጻ አወጣ። በ1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሁለት ለአንድ ድምፅ ውሳኔውን ሻረው፤ ፖለቲከኛ ምርጫ ለማሸነፍ ፖሊሲ ቢነድፍ ምን ነውር አለው የሚል መንፈስ ነበረው። ይህ ክርክር እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እያንዳንዱ ፓርቲ ቤት ሲሠራ፣ ግብር ሲቀንስ፣ መንገድ ሲያነጥፍ ምርጫን ያስባል። ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ዲሴምበር 13 ቀን 2001 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እነሱ ነበሩ፣ በአንድ ድምፅ መለሱት። ሎርድ ቢንግሃም እንዳስረዱት ተመራጮች ፖሊሲያቸው ተወዳጅ ሆኖ ድምፅ እንዲያስገኝላቸው መመኘታቸው ጥፋት አይደለም፤ ሥልጣኑ ግን ለተሰጠበት የሕዝብ ጥቅም መዋል አለበት። ቤት የመሸጥ ሥልጣን የተሰጠው ለቤት ጉዳይ ነው፤ አንድን ፓርቲ በአንድ ወረዳ ለማስመረጥ አይደለም። ሎርድ ስኮት ከዚህ አጠንክረው ጉዳዩን የፖለቲካ ሙስና ብለው ጠሩት፤ ጉቦ የበላ ሰው ባይኖርም የሕዝብን ሥልጣን ለፓርቲ ጥቅም ማዋል ሙስና ነው ሲሉ። ፖርተር በበኩላቸው ኦዲተሩ በ1994ቱ ጋዜጣዊ መግለጫ አድልዎ አሳይተውብኛል ብለው ተከራክረው ነበር። ዳኞቹ ክርክሩን ባይቀበሉም እሱን ሲመረምሩ አንድ መለኪያ አበጁ፦ ነገሩን በሚገባ የተረዳ ሚዛናዊ ታዛቢ ቢያየው አድልዎ ሊኖር ይችላል ብሎ ይደመድም ነበርን? የእንግሊዝ ዳኞች እስካሁን አድልዎን የሚመዝኑት በዚህ ነው። የሕግ ተማሪዎች የፖርተርንና የማጊልን ስም የሚያውቁት በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው፤ የተፈናቀለውን ቤተሰብ ብዙዎቹ አልሰሙም።

ገንዘቡስ? ወለድና የፍርድ ቤት ወጪ ተጨምሮበት ዕዳው ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። ፖርተር ከ1994 ጀምሮ ኑሯቸውን ወደ እስራኤል አዛውረዋል። ያላቸው ንብረት 300,000 ፓውንድ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። የቴስኮ ወራሽ እንዲህ ሲሉ ማን ያምናል? ምክር ቤቱ ንብረታቸውን በየአገሩ ሲያሳድድ ቆይቶ በ2004 በ12.3 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማማ። ተመራጭን በግል የሚያስከፍለው ሕግ ራሱ በዚያን ጊዜ በ2000 በወጣ አዋጅ ተሽሮ ነበር። የምክር ቤቱ የወግ አጥባቂ መሪ ኮሊን ባሮው በፖሊሲው ለተጎዱት ሰዎች ይቅርታ የጠየቁት በ2009 ነው፤ ከብረት በሮቹ ሃያ ዓመት በኋላ።

ወግ አጥባቂዎቹ ምክር ቤቱን እስከ 2022 ድረስ ያዙ። በ2018 ምርጫ እንኳ 41 ለ19 ያሸነፉት እነሱ ነበሩ። ከዚያ በ2021 በማርብል አርች አጠገብ ሸማቹን ወደ ኦክስፎርድ ጎዳና ይመልሳል የተባለ ሰው ሠራሽ ኮረብታ ተከሉ። ሲከፈት ሣሩ ሳስቶ፣ ዛፎቹ ገና ችግኝ ሆነው፣ ከጫፉም የሚታይ ነገር ሳይኖር የከተማው መሣለቂያ ሆነ። ወጪውም ከታሰበው እጅግ አልፎ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ የምክር ቤቱ ምክትል መሪ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሜይ 5 ቀን 2022፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት በወረርሽኙ ጊዜ ግብዣዎች በተብጠለጠለበት ሰሞን፣ ወንበሮቹ ወደ 54 በቀነሱበት አዲስ የወረዳ አከፋፈል ሌበር 31፣ ወግ አጥባቂው 23 ወንበር አገኙ። በ58 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው የሌበር ድል ነው። በዚያው ምሽት ከ1978 ጀምሮ በወግ አጥባቂ እጅ የነበረው ዋንድስዎርዝም ተከተለ።

ይህ ውጤት ስለ 1990 ያልኩትን ትንሽ ያወሳስበዋል። የዌስትሚኒስተር የቤት ግብር በ2022ም ከአገሪቱ ዝቅተኛዎቹ መካከል ነበር፤ ያ ግን አላዳናቸውም። ወረዳዎቹ እንደ ድሮው የተከለሉ ባይሆኑም ስሞቹን ስናይ በ1987ቱ ስሌት ውስጥ የነበረችው ቤይስዎተር ሦስቱንም ወንበር ለሌበር ሰጠች፤ የገበያው ማዕከል ዌስት ኤንድም እንዲሁ። ሃይድ ፓርክም ሦስቱን ወንበሮቿን ለሌበር ስትሰጥ ካሸነፉት አንዱ ፖል ዲሞልደንበርግ ነበሩ፤ በፖርተር ዘመን የሌበር ተመራጮች መሪ ሆነው የቤት ሽያጩን ይታገሉ የነበሩት ሰው። በአዲሱ አስተዳደር የካቢኔ አባል ሆነው ተሾሙ።